ከንቲባ የሆነው አርክቴክት፦ ሰውን ሳይጠይቁ ለሰው መሥራት ይቻላል?

ንድፍና ሰው (የውይይቱን ክር የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ስለ ዣይሜ ሌርነር እንድናወራ ፈልጌ ነው። ብራዚላዊ አርክቴክት ነው። በ1937 ኩሪቲባ ውስጥ ተወለደ፣ ሦስት ጊዜ የዚያችው ከተማ ከንቲባ ሆነ፣ በ2021 አረፈ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ስሙ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው በኩሪቲባ ስለዘረጋው ፈጣን አውቶቡስ ነው። አውቶቡሱ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሰውየው አንድ ችግር ሊፈታ ሲነሳ ከጎኑ ያለውን ሌላ ችግር አብሮ ይዞ ይነሳል። የሚጀምረው ደግሞ መኪና ከሌለው ሰው ነው።

የቆሻሻውን ጉዳይ ተመልከቱ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኩሪቲባ ደሃ ሰፈሮች ውስጥ የቆሻሻ መኪና መግባት አይችልም ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው። ስለዚህ ቆሻሻው ሜዳ ላይና ወንዝ ውስጥ ይጣላል፣ አይጥና በሽታ ይከተላል። እንዲህ ሲሆን የተለመደው መልስ ይታወቃል፦ ቤቶቹን እናንሳ፣ መንገዱን እናስፋ። የሌርነር አስተዳደር ግን መኪናውን ሰፈሩ ጫፍ ላይ አቆመና «ከረጢታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ የአውቶቡስ ትኬት እንሰጣችኋለን» አለ። ቀጥሎ ምግብ መጣ። በ1991 በተጀመረው ፕሮግራም አራት ኪሎ ፕላስቲክ፣ ወረቀት ወይም ቆርቆሮ ያመጣ ሰው አንድ ኪሎ አትክልትና ፍራፍሬ ይወስዳል። አትክልቱ የሚገዛው በከተማዋ ዙሪያ ካሉ፣ ምርቱ ከተረፈባቸው ትንንሽ ገበሬዎች ነው። ሰፈሩ ጸዳ፣ ቤተሰቡ በላ፣ ገበሬው ሸጠ። አንድም ቤት አልፈረሰም።

ጎርፉንም እንዲሁ ነው የያዙት። ወንዞቹን በኮንክሪት ቦይ ከማፈን ይልቅ በየዳርቻው ያለውን ረባዳ መሬት ወስደው ሐይቅና መናፈሻ አደረጉት። በ1972 የተከፈተው የባሪጉዊ መናፈሻ አንዱ ነው። ዝናብ ሲበዛ ሐይቁ ይሞላል፣ ሣሩ ይረጥባል፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ደረቅ ሆኖ ያድራል። ሣሩን ለማጨድም በጎች አሰማሩበት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የኖቬምበር 15 ጎዳና የከተማዋ ዋና የገበያ መንገድ ነበር። መኪና ይተራመስበታል። ሌርነር በ1972 ለእግረኛ ብቻ ሊያደርገው ሲነሳ ባለ ሱቆቹ «ገበያችንን ልትገድለው ነው» ብለው ተቃወሙት። ሥራው ወራት ይፈጃል ተባለ። እሱ በ72 ሰዓት ይለቅ አለ። ዓርብ ማታ ፍርድ ቤቶች ከተዘጉ በኋላ ተጀመረ፣ ማገጃ የሚያወጣ ዳኛ እንዳይገኝ ማለት ነው። ሰኞ ማታ ጎዳናው ድንጋይ ተነጥፎበት፣ አበባ ተተክሎበት፣ መብራትና መቀመጫ ቆሞበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ነጋዴዎቹ ራሳቸው «ወደኛም አስረዝሙልን» አሉ። የመኪና ባለቤቶች በተከታዩ ቅዳሜና እሁድ ጥሰን እንገባለን ብለው ሲዝቱ ደግሞ ፖሊስ አልተጠራም። መንገዱ ላይ ረጅም ወረቀት ተዘረጋና ሕፃናት ተቀምጠው ሥዕል መሳል ጀመሩ። መኪኖቹ ዞረው ሄዱ።

ታሪኩ ያምራል። ግን ማንም አልተጠየቀም። ለሰው አስባለሁ የሚል አርክቴክት ሰውን ሳይጠይቅ መሥራት ይችላል? እኔ ይችላል ባይ ነኝ። አንድ ሁኔታ ብቻ አስቀምጣለሁ፦ የሠራው ነገር ካልተሳካ መመለስ የሚቻል መሆን አለበት። ድንጋይና የአበባ መደብ ይነሳል። የፈረሰ ሰፈር አይመለስም። እናንተስ?

---

ቀይ እርሳስ

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። አንድ ነገር ግን ዘለልክ። በ1971 ሌርነርን ማን ከንቲባ አደረገው? ሕዝብ አልመረጠውም። ብራዚል በወታደራዊ አገዛዝ ሥር ነበረች፣ እንደ ኩሪቲባ ያሉ የግዛት ዋና ከተሞች ከንቲባዎች የሚሾሙት ከላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የሥልጣን ዘመኖች ያገኘው በሹመት ነው። በምርጫ ያሸነፈው ለሦስተኛው ነው፣ በ1988።

ይህን የማነሳው ሰውየውን ለማጣጣል አይደለም። በ72 ሰዓት መንገድ መዝጋት የተቻለው በምን ዓይነት አገር እንደሆነ እንዳንረሳ ብዬ ነው። በዚያ ዘመን አስተዳደሩን ጮክ ብሎ መቃወም ዋጋ ያስከፍላል። ነጋዴ ጮኸ፣ ነጋዴ ስለሆነ ተሰማ። መሬት የሌለው ሰው ቢጮህ ማን ይሰማዋል?

ሁለተኛ፣ በአውቶቡስ መስመሮቹ ግራና ቀኝ ረጃጅም ሕንፃ ተፈቀደ፣ የመሬቱም ዋጋ ተሰቀለ። ደሃው የት ሄደ? ከከተማዋ ወሰን ውጪ ወዳሉ አጎራባች ማዘጋጃ ቤቶች። ኩሪቲባ አበበች ሲባል የአበባው ሽታ የማይደርሳቸው ሰፈሮች ከካርታው ጠርዝ ወዲያ ማዶ ነበሩ። የከተማ እድሳት ሲመዘን ሚዛኑ የከተማው ወሰን ላይ መቆም የለበትም።

---

ድልድይ

ጡረታ የወጣሁ የትራንስፖርት መሐንዲስ ነኝ። ስለ አውቶቡሱ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም «ትልቅ ነገር ነው» ተብሎ ሲታለፍ ውስጡ ያለው ሥራ ይቀራል።

በመጀመሪያ መንገዱ። ፕላኑ የተጠነሰሰው ሌርነር ከንቲባ ከመሆኑ በፊት ነው፣ በ1965ና 66። በዚያው በ1965 የከተማ ምርምርና ፕላን ተቋም ተመሠረተ፣ ሌርነርም እዚያ ካገለገሉት አንዱ ነው። ሐሳቡ ከተማዋ በክብ እንዳታብጥ፣ ይልቁንም በጥቂት ቀጥ ያሉ መስመሮች እንድታድግ ነው። በእያንዳንዱ መስመር መሃል የአውቶቡስ ብቻ የሆነ መንገድ አለ። ከግራና ከቀኙ የሰፈር መኪና ቀስ ብሎ የሚሄድበት መንገድ። አንድ ብሎክ አለፍ ብሎ ደግሞ አንዱ ወደ መሃል ከተማ፣ ሌላው ከመሃል ከተማ የሚወስድ ፈጣን ባለ አንድ አቅጣጫ ጎዳና። ረጅም ሕንፃ የሚፈቀደው አውቶቡሱ ባለበት ነው። ብዙ ሰው በሚኖርበት ብዙ አውቶቡስ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ፈጣን አውቶቡሶች በ1974 ሥራ ጀመሩ።

ቱቦ ቅርጽ ያላቸው ፌርማታዎች የመጡት በ1991 ነው። ላላያችሁት ልግለጽ። ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ የመስታወት ቱቦ ነው። ሂሳብህን የምትከፍለው መግቢያው ላይ ነው፣ አውቶቡስ ውስጥ አይደለም። ለዊልቸር ትንሽ ሊፍት አለው። አውቶቡሱ ሲመጣ በሮቹ ከቱቦው በሮች ጋር ይገጥማሉ፣ ከሥራቸው አጭር መሸጋገሪያ ይዘረጋል። ወለልና ወለል እኩል ነው። ደረጃ መውጣት የለም፣ ሳንቲም ፍለጋ ኪስ መዳበስ የለም። ከዘራ የያዘች አሮጊት ከወጣቱ እኩል ትገባለች። በተለመደው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጊዜ የሚበላው መክፈልና ደረጃ መውጣት ነው። ሁለቱን ስታወጣቸው አውቶቡሱ ባቡር ይሆናል። በ1992 በሁለት ቦታ የሚታጠፉት ረጃጅም ተጣጣፊ አውቶቡሶች ሲገቡ አንዱ እስከ 270 ሰው ይጭን ነበር። ይህ ሁሉ የምድር ውስጥ ባቡር ከሚፈልገው ገንዘብ በጣም ባነሰ ወጪ ነው።

ለቀይ እርሳስ ደግሞ፦ የዳር ሰው ተረሳ ስትል ታሪፉን አልቆጠርክም። ከ1980 ጀምሮ ዋጋው አንድ ነው። አጭር የሚሄድና ከዳር ተነስቶ ሁለት ሦስት አውቶቡስ የሚቀያይር ሰው እኩል ይከፍላሉ። መሃል ከተማ የሚኖረው የዳሩን ይደጉማል ማለት ነው። ድርጅቶቹም የሚከፈላቸው በጫኑት ሰው ልክ ሳይሆን በሄዱት ኪሎሜትር ነበር። ስለዚህ ሰው የበዛበትን መስመር እየተሻሙ ጭር ያለውን ሰፈር አይተዉትም። ይህ በሥዕል ላይ አይታይም። ለደሃ ማሰብ ማለት ለእኔ ግን እንዲህ ያለ ስሌት ነው።

---

ዋርካ

ክሩን ያነሳኸው ወዳጄ፣ «መመለስ የሚቻል ከሆነ» ያልከውን ወድጄዋለሁ። ሳይጠይቁ መሥራት ምን እንደሚያመጣ ግን ግብፅ ውስጥ አንድ ምስክር አለን።

ሐሰን ፋትሂ በዘመኑ እንደሱ ለድሃ ያሰበ አርክቴክት አልነበረም ብል አላጋነንኩም። በ1940ዎቹ አጋማሽ ሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለ መንደር እንዲሠራ ተሰጠው። በጥንታዊ መቃብሮች ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦችን ወደዚያ ለማዛወር ነው። ፋትሂ በጭቃ ጡብ፣ በጉልላት፣ ንፋስ በሚያስገባ ግቢ የሚያምር መንደር ሠራ። መስጊድ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ቲያትር ሳይቀር። ሲሚንቶና ብረት ውድ ስለሆነ ሰው በእጁ ባለው አፈር ይሥራ አለ። እስቲ ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ሰዎቹ አንገባም አሉ። እንጀራቸው ያለው መቃብሮቹ ላይ ነበር። ቱሪስቱ የሚመጣው፣ የሚሸጠው የሚገዛው እዚያ ነው። ቤት ሲሰጣቸው ኑሮ ሊወሰድባቸው ነው። ሥራው ከፊሉ ብቻ ተሠርቶ በ1948 አካባቢ ቆመ።

ፋትሂ ቤቶቹን ለየቤተሰቡ አስቦ ነው የነደፈው። ያልተጠየቀው ጥያቄ ከቤቱ በፊት የሚመጣው ነው፦ መሄድ ትፈልጋላችሁ ወይ? እሱን የመጠየቅ ሥልጣን ደግሞ በአርክቴክቱ እጅ አልነበረም፣ ውሳኔው የመንግሥት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ አርክቴክቱ እርሳሱን ከማንሳቱ በፊት እምቢ ማለት መቻል አለበት።

---

ተማሪዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ እየተማርኩ ነው። አርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ሕዝብ ይጠየቅ ይባላል። እንዴት ነው የሚጠየቀው? ስብሰባ ሲጠራ የሚናገሩት ሁልጊዜ ያው ሰዎች ናቸው። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ሲባል ደግሞ ሁሉም ሁሉንም ነገር ይፈልጋል። ገንዘቡ ግን ለአንዱም አይበቃም።

---

ማለዳ

ተማሪዋ፣ እህቴ፣ ጥያቄሽ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ቺሊያዊው አርክቴክት አሌሃንድሮ አራቬና የታወቀው እዚህ ጋ በሠራው ሥራ ይመስለኛል።

በሰሜን ቺሊ ኢኪኬ የምትባል ከተማ አለች። መሃሏ ላይ ኪንታ ሞንሮይ በተባለ ግማሽ ሄክታር መሬት ላይ ወደ መቶ የሚጠጉ ቤተሰቦች ለ30 ዓመት ያህል ያለ ሕጋዊ ይዞታ ኖረዋል። መንግሥት ለአንድ ቤተሰብ የመደበው ድጎማ 7,500 ዶላር ነው። በዚህ ብር መሬት ይገዛል፣ ውሃና ፍሳሽ ይገባል፣ ቤትም ይሠራል። መሬቱ መሃል ከተማ ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነት ቤት በተለምዶ ከሚከፈለው ሦስት እጥፍ ይጠይቅ ነበር። ቀላሉ መንገድ ሰዎቹን ወደ ከተማ ዳር መውሰድ ነው፣ መሬት ወደሚረክስበት። ግን ሥራቸው፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት፣ ዘመድ ጎረቤቱ መሃል ከተማ ነው።

የአራቬና ቡድን ለቤተሰቦቹ ገንዘቡ ይህን ያህል ነው፣ ሁሉንም አይሠራም፣ ቅድሚያ የቱ ይሁን ብሎ ነው የቀረበው። «ምን ትፈልጋላችሁ?» ሲባልና «ከዚህ ውስጥ የቱን እናስቀድም?» ሲባል የሚገኘው መልስ በጣም ይለያያል። ቦታቸውን መረጡ። ስለዚህ ከቤቱ ግማሹ ተሠራ። የተሠራው ደግሞ ቤተሰብ ብቻውን ሊሠራው የሚከብደው ግማሽ ነው፦ መሠረት፣ ከጎረቤት የሚለየው ግድግዳ፣ ደረጃ፣ ኩሽና፣ መታጠቢያ። ከጎኑ እኩል የሆነ ባዶ ቦታ ተተወ። በ2004 ቤተሰቦቹ ገቡና ባዶውን እያንዳንዱ በአቅሙ ሞላው። አንዱ በእንጨት፣ አንዱ በብሎኬት፣ አንዱ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ። 36 ካሬ ሜትር የነበረው ቤት ወደ 70 ካሬ ሜትር ደረሰ።

ሌላው ምሳሌ ከዚህም ይበልጥብኛል። በየካቲት 2010 መጠኑ 8.8 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ቺሊን መታ። ኮንስቲቱሲዮን የተባለችው ከተማ ወደመች። የአራቬና ቡድን መልሶ ግንባታውን እንዲያቅድ 100 ቀን ተሰጠው። በባሕሩና በከተማው መካከል የውሃውን ኃይል የሚሰብር ደን ይተከል የሚል ሐሳብ አመጡ። ለነዋሪዎች ሲያቀርቡት ሰዎቹ ሌላ ነገር አነሱ። ከሱናሚ ስላሰባችሁልን እናመሰግናለን፣ ቀጣዩ የሚመጣው ምናልባት ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ የዝናብ ጎርፍ ግን በየዓመቱ ያጥለቀልቀናል አሉ። መሃል ከተማ አረፍ የምንልበት ቦታ የለም፣ ወንዛችን ዳር እንዳንደርስ መሬቱ የግል ሆኗል አሉ። ደኑ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ እንደሚመልስ የታወቀው ያኔ ነው። ጎርፍን ይመጥጣል፣ መናፈሻ ይሆናል፣ ወንዙን ለሕዝብ ይከፍታል። ሲታይ ደግሞ የተለያዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ለእነዚያው ችግሮች ለየብቻ ገንዘብ አቅደው ነበር፣ ድምሩም ከደኑ ወጪ ይበልጣል።

ለእኔ መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አክብሮት መግለጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስብሰባው ሻይ ጠጥቶ ያልቅ ነበር። ችግሩ የት እንዳለ የሚነግርሽ እዚያ የሚኖረው ሰው ነው።

---

ቀይ እርሳስ

ማለዳ፣ ስለ ኮንስቲቱሲዮን ያልሽው ልክ ነው፣ እስማማለሁ። ስለ ግማሹ ቤት ግን ቅር ይለኛል። ሙሉ ቤት መስጠት ያቃተው መንግሥት ሸክሙን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ለደከመው አባወራ ነው ያስረከበው። ዘመናዊ ስም ስለተሰጠው ግማሽነቱ አይቀርም። አራቬና በ2016 የአርክቴክቸር ትልቁ ሽልማት የሚባለውን ፕሪትዝከርን ወሰደ፣ ግማሹን በገዛ ጉልበታቸው የጨረሱት ሰዎች ግን አልተሸለሙም።

---

ማለዳ

ገንዘቡ ያው ነው ወንድሜ። አማራጩ 36 ካሬ ሜትር ሙሉ ቤት ከከተማ ውጪ፣ ወይም የሚያድግ ቤት መሃል ከተማ ነበር። ሰዎቹ የመረጡትን ስታይ ልትወቅሰው የሚገባው ድጎማውን የቆረጠው እንጂ ንድፉ አይደለም። ደግሞ ቤቱ ሲያድግ ዋጋውም ያድጋል። ዳር ላይ ያለ የድጎማ ቤት ከዓመት ዓመት ዋጋው ይወርዳል።

---

ሰገነት

ሁላችሁም ስለሚሠራ ነገር ነው የምታወሩት። ስላልተሠራ ነገር ልንገራችሁ።

አን ላካቶንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል የተባሉ ፈረንሳውያን አርክቴክቶች በ1996 ቦርዶ ውስጥ አንዲት ትንሽ አደባባይ አሳምሩ ተባሉ። ቦታው ሦስት ማዕዘን ነው፣ ዙሪያውን ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሰው ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ፣ ከኋላው የሠራተኞች ቤቶች። ሄደው ተመለከቱ። ሰዎቹን አነጋገሩ። ከዚያ ለከተማው «ይህ ቦታ ቆንጆ ነው፣ የሚጨመር የለም» አሉ። ጠጠሩን ቀይሩ፣ ቶሎ ቶሎ አጽዱ፣ ዛፎቹን አክሙ፣ በቃ።

አስቡት እንግዲህ። አርክቴክት ለሥራ ተጠርቶ ሥራ የለም ማለት ማለት ነው። ይህን የሚለው ከራሱ ስም በፊት እዚያ የሚቀመጠውን ሰው ያየ ብቻ ነው።

እዚያው ቦርዶ ውስጥ በ2017 ያለቀው ሥራቸው ደግሞ ለከተማ እድሳት ትልቅ ትምህርት ነው። ግራን ፓርክ በተባለ ሰፈር በ1960ዎቹ የተሠሩ፣ 530 ቤቶችን የያዙ ሦስት አፓርትመንቶች ነበሩ። እንዲህ ያለ ሕንፃ ሲያረጅ ብዙ ቦታ ይፈርሳል። ከሌሎች ሁለት አርክቴክቶች ጋር ሆነው ከሕንፃዎቹ ፊት ለፊት ወደ አራት ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው በመስታወት የተዘጋ ሰገነት ጨመሩ። ትንንሾቹ መስኮቶች ወለል ድረስ የሚደርሱ የመስታወት በሮች ሆኑ። ነዋሪው ቤቱን ሳይለቅ ነው የተሠራው፣ ኪራዩም እንዲንር አልተደረገም። አንዲት ሴትዮ ቡናዋን የምትጠጣበት፣ ልብስ የምታሰጣበት፣ አበባ የምታሳድግበት ክፍል በአንድ ጊዜ አገኘች፣ ጎረቤቷን ሳታጣ። በ2021 የፕሪትዝከር ሽልማት ሲሰጣቸው ከተጠቀሱት ሥራዎች ዋናው ይህ ነው።

ንድፍና ሰው፣ ያንተ «መመለስ የሚቻል» መስፈርት እዚህ ጋ በደንብ ይሠራል። ማፍረስ ብቻ ነው መመለሻ የሌለው።

---

ንድፍና ሰው

ሰገነት፣ ስለ አደባባዩዋ ስለጻፍክልን ተባረክ።

ለቀይ እርሳስ ልመልስ። አምባገነን አገዛዝ ውስጥ መሾሙ የታወቀ ነው። ግን ይህን ደግሞ ጨምርበት፦ ብራዚል ውስጥ በዚያ ዘመን የተሾሙት ከንቲባዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የተበደሩትን ገንዘብ በማሳለጫና በሰፋፊ የመኪና መንገድ ላይ ነው ያፈሰሱት። ሥልጣኑ ያው ነው፣ የወጣው ከተማ ግን ሌላ ነው። በ1988 ሰው በነፃነት ሲመርጥ ደግሞ እሱኑ መልሶ መረጠው። በኋላም ኩሪቲባ ለምትገኝበት ለፓራና ግዛት አስተዳዳሪነት ሁለት ጊዜ ተመርጧል።

ከዳር ስለተገፋው ሰው ያነሳኸው ግን የክሩ ከባዱ ክፍል ነው። መንገድ ሲያምር መሬት ይወደዳል፣ መሬት ሲወደድ ተከራይ ይወጣል። ድልድይ የነገሩን ታሪፍ የተገፋውን ሰው ወደ ሥራው ይመልሰዋል እንጂ ወደ ሰፈሩ አይመልሰውም። ስለዚህ መስፈርቴ ላይ አንድ እጨምራለሁ፦ ውበቱ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ያለው ሰው መቆየቱ ይረጋገጥ። በሕግ፣ በኪራይ ጣሪያ፣ በይዞታ፣ እንደየአገሩ።

የመጠየቁን ነገር ማለዳ አሳምረሽ አስረድተሻል። አቋሜ ግን ያው ነው። አንዳንድ ነገር ሰው ካላየው መልስ ሊሰጥበት አይችልም። ከ1972 በፊት መኪና የሌለበት የገበያ መንገድ ያላየ ነጋዴ «ገበያዬ ይሞታል» ቢል አይፈረድበትም። ካየው በኋላ ግን መልሱ ተለወጠ። ሠርቶ ማሳየትም አንድ ዓይነት መጠየቅ ነው፣ ሰው «አልፈልግም» ሲል የሚያነሳ ከንቲባ ካለ።

---

የቢሮ ሰው

ክሩን ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነው። የምሠራው ዲዛይን ቢሮ ውስጥ ነው፣ ስሙ ይቅር። «ሕዝብ ተወያይቶበታል» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዴት እንደሆነ መናገር ፈልጌ ነው።

ንድፉ አልቆ፣ ባለሀብቱ ተስማምቶበት፣ ቀለም የተቀባው ሥዕል ታትሞ ነው ሰፈርተኛው የሚጠራው። ሥዕሉ ላይ ፀሐይ፣ ፏፏቴ፣ ብስክሌት የምትነዳ ልጅ አለች። የሰዎቹ ቤት የለም። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «የኛ በር የት ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። አቅራቢው «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» አላቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ ነዋሪዎች በደስታ ተቀብለውታል ተብሎ ተጻፈ። እኔ እዚያ ተቀምጬ ነበር፣ በጣም አዘንኩ።

ከዚህ ይልቅ የሌርነርን ቀጥተኝነት እመርጣለሁ። እሱ ቢያንስ ጠየቅኋችሁ አላለም።

---

ድልድይ

የቢሮ ሰው የጻፍከው ልቤን ነካው።

ስለ ኩሪቲባ አሁናዊ ሁኔታም አንድ ነገር ልጨምር፣ ወጣቶቹ ከተማዋን እንደ ገነት እንዳያዩዋት። ዛሬ ኗሪዋ ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ በላይ ነው፣ በ1960 ግን 360 ሺህ ገደማ ነበር። አውቶቡሶቹ በመግቢያና መውጫ ሰዓት ይጨናነቃሉ። ከብራዚል ከተሞች መካከል የመኪና ብዛቷ ከፍተኛ ከሆነባቸው አንዷ ናት። ገቢው ከፍ ያለ ሰው መኪና ገዛ፣ ዝቅ ያለው ሞተር ብስክሌት። ተሳፋሪ ሲቀንስ ታሪፍ ይጨመራል፣ ታሪፍ ሲጨመር ተሳፋሪ ይቀንሳል። አንድ ወጥ ታሪፍ ጥሩ የሚሆነው ሀብታሙም አውቶቡስ ውስጥ ሲሆን ነው። እሱ ሲወርድ ደጓሚው ወረደ ማለት ነው።

ሐሳቡ ግን ተጉዟል። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ በ2000 ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን ፈጣን አውቶቡሷን የጀመረችው ከዚህ ተምራ ነው፣ ከዚያም ብዙ ከተሞች ተከተሉ። የሚያሳዝነው አብዛኞቹ የቀዱት አውቶቡሱን ነው። ታሪፉን፣ የቤት አሠራር ደንቡን፣ የቆሻሻውን ልውውጥ ትተውት።

---

ተማሪዋ

ጋሼ ድልድይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስለ ታሪፉ ያስረዱኝ ነገር ክፍል ውስጥ ሰምቼው አላውቅም። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የአንድ አሮጌ የገበያ ብሎክ እድሳት ነው። መምህሬ የንድፍ ሐሳብሽን በሚቀጥለው ሳምንት አምጪ ብሎኛል። ከየት ልጀምር?

---

ድልድይ

ልጄ፣ በመጀመሪያ ቁጠሪ። ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ማታ በየመግቢያው ቁሚና ስንት ሰው በእግሩ፣ ስንት በአውቶቡስ፣ ስንት በጋሪ፣ ስንት በመኪና እንደሚገባ ጻፊ። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ቦታ የተሰጠው ለትንሹ ቁጥር ሆኖ ታገኚዋለሽ። ንድፍሽ እዚያ ጋ ይጀምራል።

---

ማለዳ

እኔ ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። ሻጮቹን «ምን ይሠራላችሁ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። «ባለፈው ክረምት ዕቃ የተበላሸባችሁ እንዴት ነው? ዕቃ የምታሳድሩት የት ነው? ልጃችሁን የምታቆዩት ማን ጋ ነው?» በዪ። ሁለተኛ፣ ስብሰባ ላይ የማይናገረውን ሰው ቦታው ድረስ ሄደሽ አነጋግሪ፦ ተሸካሚውን፣ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ መሬት ላይ ዘርግታ የምትሸጠዋን። ሱቅ ያለው ሰው ድምፁን ራሱ ያሰማል።

---

ሰገነት

ከመሳልሽ በፊት ጥሩ የሆነውን ሁሉ መዝግቢ። ጥላው የት ነው፣ ሰው የሚቆምበት ጥግ የቱ ነው፣ የትኛው ጣሪያ አሁንም አያፈስም። እነዚያን የማይነኩ ብለሽ በካርታሽ ላይ አስቀምጪ። የቀረው ቦታ ላይ ነው የምትሠሪው፣ ትንሽ ቢሆንም አይግረምሽ።

---

ቀይ እርሳስ

ኪራዩንም ጠይቂ። ዛሬ አንድ መደብ በወር ስንት ነው፣ ባለቤቱ ማን ነው፣ ከታደሰ በኋላ ማን ይወስናል? ይህን በመጀመሪያው ገጽሽ ላይ አስፍሪው። ፈታኞችሽ «ይህ የአርክቴክት ሥራ አይደለም» ካሉሽ የአዲስ ጉርናን ታሪክ ንገሪያቸው።

---

ንድፍና ሰው

ተማሪዋ፣ ንድፉ ሲያልቅ እዚህ ለጥፊልን፣ ሁላችንም እናየዋለን። ስለ መሬት ዋጋና ስለ ተከራይ መቆየት የተነሳው ለብቻው ክር ስለሚያስፈልገው እከፍተዋለሁ። ቀይ እርሳስ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አንተ ብትጽፈው ደስ ይለኛል።